የአሜሪካ ማጫወቻ፣ የአዲስ አበባ ቴሌቪዥን፦ የምስሉን ልክ የሚወስነው የቱ ነው?

ጥያቄው

ከዚህ በታች ያለው፣ በኢንተርኔት ላይ የቀረበ የአንድ ጥያቄና በሥሩ በተከታታይ የተጻፉ መልሶች፣ ማለትም የአንድ የውይይት ክር፣ ማጠቃለያ ነው። ጠያቂው የአዲስ አበባ ነዋሪ ነው። ሜሪላንድ የምትኖረው ታላቅ እህቱ የዲቪዲ ማጫወቻና የልጇን የሠርግ ዲስክ በሰው እጅ ስትልክ፣ ወላጆቹ ሳሎን ካለው ባለ 21 ኢንች የድሮ ቴሌቪዥን ጋር ሊያገናኘው ሞከረ። ቴሌቪዥኑ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ መሰኪያ ብቻ ያለው፣ ከኋላው ያበጠው ዓይነት ነው። ማጫወቻው ግን ከቢጫው ሌላ ኤስ ቪዲዮ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ የኮምፖነንት መሰኪያዎች፣ እንዲሁም ኤችዲኤምአይ አለው። የመብራቱን ነገር በትራንስፎርመር ፈትቶ ቢጫውን ገመድ ሲሰካ ድምፁ ጥርት ብሎ መጣ፤ ምስሉ ግን ቀለም የሌለው ሆነ፣ ያለማቋረጥም ይንከባለል ጀመር። ካርቶኑ ላይ 1080 የሚል ጽሑፍ አይቶ ነበርና፣ ጥራቱን ከፍ ላድርገው ብሎ በሪሞቱ ላይ ያለውን የፕሮግረሲቭ ቁልፍ (የምስሉ መስመሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲላኩ የሚያደርገውን) ሲጫን፣ ይሄው የሚንከባለለው ምስል እንኳ ጠፍቶ ሜኑው የማይታይበት ጨለማ ሆነ።

የጠየቀው የተበላሸው ማጫወቻው ይሁን ቴሌቪዥኑ፣ ወላጆቹ የለመዱትን ቴሌቪዥን ጥሎ አዲስ መግዛት ይኖርበት እንደሆነም ነው። መጨረሻ ላይ ግን፣ የምስል ጥራትን የሚወስነው ማጫወቻው ስለሆነ ማጫወቻውን በሚችለው ከፍተኛ ልክ ላይ ማድረግ ትክክል ነው የሚል እርግጠኛ አስተያየት ጨምሯል። ከመልሶቹ ብዙዎቹ የተነሡት ከጥያቄው ይልቅ በዚህ አስተያየት ላይ ነው።

መልስ 1

የመጀመሪያዋ መላሽ ስለ ሠርጉ እንኳን ደስ አላችሁ ብለው ጀመሩ። ድምፁ በትክክል ከመጣ ማጫወቻው ዲስኩን እያነበበ ነው ማለት ስለሆነ፣ የተበላሸ ነገር የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው ሲሉ አጽናኑት። ጨለማውን በሚመለከት፣ በብዙ ማጫወቻዎች ላይ ዲስኩን አውጥቶ ያንኑ የፕሮግረሲቭ ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ወደ ቀድሞው ሁኔታ እንደሚመልስ ጻፉ። ያ ካልሠራ፣ ማጫወቻውን ኤችዲኤምአይ ካለው የጎረቤት ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ሁሉንም ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ መመለስ ነው። በመጨረሻም በቴሌቪዥኑ ጀርባ የተለጠፈው ጽሑፍ ስለ ቀለም ሥርዓት ምን እንደሚል እንዲያይላቸው ጠየቁ። ከሌሎቹ በፊት መሣሪያውን ራሱን ለመመርመር ያሰቡት እኚህ ሴት ብቻ ነበሩ።

መልስ 2

ሁለተኛው ቴሌቪዥኑን ጥለህ ፍላት ግዛ ከማለት ያለፈ አልጻፈም። የሰውን ኪስ ሳያዩ ማዘዝ ቀላል ነው፤ ደግሞም ምክሩ ጠያቂውን ለምን እንዲህ እንደሆነበት አያስረዳውም።

መልስ 3

ሦስተኛው ለረጅም ዓመታት በቴሌቪዥን ጥገና የሠሩ ባለሙያ ናቸው፤ ከክሩ ሁሉ ረጅሙን መልስ የጻፉትም እሳቸው ናቸው። መነሻቸው ለድሮው የአናሎግ ቴሌቪዥን ኢትዮጵያ የያዘችው ፓል የሚባለውን ሥርዓት፣ አሜሪካ ደግሞ ኤንቲኤስሲ የሚባለውን መሆኑ ነው። በፓል አንድ ምስል በ625 መስመሮች ይሠራል፤ ከእነዚህ ውስጥ ዲቪዲ ላይ የሚቀመጡት 576ቱ ሲሆኑ፣ በሰከንድ 50 ግማሽ ምስሎች ይላካሉ። በኤንቲኤስሲ መስመሮቹ 525 ናቸው፤ ዲቪዲው የሚይዘው 480 ሲሆን፣ በሰከንድ የሚላኩት ግማሽ ምስሎች 60 ገደማ ናቸው። በሁለቱም አግድም ያሉት ነጥቦች 720 ናቸው። ግማሽ ምስል ማለት አንድ ጊዜ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው መስመሮች፣ ቀጥሎ ሙሉ ቁጥር ያላቸው እየተሣሉ ዓይን ሁለቱን አንድ አድርጎ እንዲያያቸው ማድረግ ነው።

ቀጥለው የጠያቂውን ሁለት ችግሮች ለያዩ። ቀለሙ የጠፋው፣ በቢጫው ገመድ ውስጥ የቀለሙ መረጃ ከብርሃኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚጓዝበት ሞገድ በፓል 4.43 ሜጋኸርዝ፣ በኤንቲኤስሲ ደግሞ 3.58 ሜጋኸርዝ ስለሆነ ነው። ፓል ብቻ የሚያውቅ ቴሌቪዥን በሚጠብቀው ቦታ ቀለም ስለማያገኝ ብርሃኑን ብቻ ያሳያል፤ ስለዚህ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። የሚንከባለለው ደግሞ በሰከንድ 50 ጊዜ ለመሣል የተስተካከለው ቱቦ 60 ስለሚላክበት ነው። በጣም አሮጌ በሆኑ ቴሌቪዥኖች ጀርባ ላይ ይህን የሚያስተካክል መዘውር እንደነበርና፣ መንከባለሉ በዚያ ቢቆምም ቀለሙ ግን እንደማይመለስ አከሉ። ጀበናው የቱንም ያህል ቢይዝ ስኒው የሚቀበለው ልኩን ነው ብለው የጠያቂውን አስተያየት በትሕትና ነቀፉ፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቴሌቪዥኑ ነው፣ ማጫወቻው እሱ በሚቀበለው ልክ ይስተካከላል።

ያዘዙትም መድኃኒት በዚሁ ቅደም ተከተል የተሰጠ ነው። በቴሌቪዥኑ ሜኑ ውስጥ ሲስተም የሚል ካለ አውቶ ወይም ኤንቲኤስሲ ላይ ማድረግ፤ ያ ከሌለ በማጫወቻው ሴቲንግ ውስጥ ቲቪ ታይፕ የሚለውን ፓል ማድረግ፤ ሪሞቱ ላይ ኤን/ፒ የሚል ቁልፍ ካለም እሱን መጫን። ይህ ቁልፍ ከቻይና በሚመጡ ርካሽ ማጫወቻዎች ላይ የተለመደ ሲሆን፣ ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

መልስ 4

አራተኛዋ ከዱባይ የጻፉ እህት ናቸው። በእሳቸው አካባቢ የሚሸጡ ማጫወቻዎችና ቴሌቪዥኖች በአብዛኛው ሁለቱንም ሥርዓት ስለሚያውቁ እንዲህ ያለ ጣጣ ገጥሟቸው እንደማያውቅ ጽፈው፣ ችግሩ ከሪጅን ኮድ፣ ማለትም ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚከፈት ከሚወስነው ቁጥር፣ ይሆናል ሲሉ ገመቱ። አሜሪካ ሪጅን 1፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሪጅን 2፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ሪጅን 5 መሆናቸውን በትክክል ዘርዝረዋል። የተሳሳቱት ከዚህ በተወሰደው ድምዳሜ ላይ ነው።

መልስ 5

አምስተኛው ያረመው በሻከረ ቃል ነው። ሪጅን ኮድ ከቀለም ሥርዓት ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም፤ ኮዱ ካልተስማማ ማጫወቻው ዲስኩን አልቀበልም ብሎ ጽሑፍ ያሳያል እንጂ ምስሉን አያንከባልልም። ለማስረጃ ያቀረበው ጃፓንን ነው፤ ጃፓን እንደ አውሮፓ ሪጅን 2 ናት፣ የአናሎግ ቴሌቪዥን ሥርዓቷ ግን ኤንቲኤስሲ ነበር። የሠርግ ዲስክ ደግሞ ቪዲዮ አንሺው በኮምፒውተሩ የሚያዘጋጀው በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ሪጅን የለውም፤ በየሱቁ ይሸጡ የነበሩት ቪሲዲዎችም ጭራሽ የሪጅን ኮድ አያውቁም። ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ሳያነቡ የሚጽፉ ሰዎች በማለት የጨመረው ግን ለእህታችን የሚገባ አልነበረም፤ እሳቸውም ከዚያ በኋላ በክሩ ላይ አልታዩም።

መልስ 6

ከቨርጂኒያ የጻፈው ስድስተኛው ተሳታፊ ታሪኩን ገልብጦ አመጣው። የወንድሙ ሠርግ አዲስ አበባ ተቀርጾ ዲስኩ ሲላክለት፣ በፓል የተዘጋጀ ስለነበር የአሜሪካው ማጫወቻው አልቀበልም አለው፤ እንግዶች ጠርቶ እራት አቅርቦ ሳለ መሆኑ ደግሞ አሳፈረው። በመጨረሻ የታየው በላፕቶፕ ነው፤ ኮምፒውተር ፋይሉን አንብቦ በራሱ ስክሪን ስለሚሥል ፓል ይሁን ኤንቲኤስሲ ግድ የለውም። በመዲናዋ ላሉ ቪዲዮ አንሺዎች ያስተላለፈው መልእክት፣ ዲስኩ ወደ አሜሪካ የሚሄድ እንደሆነ ደንበኛውን አስቀድመው ይጠይቁና በኤንቲኤስሲ ያዘጋጁለት የሚል ነው።

መልስ 7 እና 8

እዚህ ላይ ውይይቱ ወደ ጎን ሄደ። ሰባተኛው፣ ጆሮው ለዜማ የሰላ ሰው ይመስላል፣ በፓል ዲስክ ላይ ዘፈኖች ሁሉ ቀጠን ብለው እንደሚሰሙት ጽፎ ምክንያቱን ጠየቀ። ስምንተኛው የሰጠው ማብራሪያ ከጉዳዩ ባይወጣም ዋናውን ጠያቂ የማይመለከት ነበር፤ ያም ሆኖ ጥሩ ነው። የሲኒማ ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ይቀረጻል። ፓል 25 ስለሚፈልግ ፊልሙ ፈጠን ብሎ እንዲሄድ ይደረጋል፤ 100 ደቂቃ የነበረው በ96 ያልቃል፣ ድምፁም ካልታረመ በዚያው መጠን ይቀጥናል። በኤንቲኤስሲ ፍጥነቱ አይነካም፤ ይልቁንም አንዱ ምስል ሁለት ጊዜ፣ ቀጣዩ ሦስት ጊዜ እየተደጋገመ 60 እንዲሞላ ይደረጋል፣ በዚህም ካሜራው ዝግ ብሎ ሲዞር ምስሉ ትንሽ ይንገጫገጫል። በቪዲዮ ካሜራ በ25 የተቀረጸ ሠርግ ግን እንዲያው እንዳለ ስለሚሄድ፣ የሠርግ ዘፈን ቀጥኖ ከተሰማ ጥፋቱ የድምፅ ማጉያው ነው ብሎ ደመደመ።

መልስ 9

ዘጠነኛው ወደ ማጫወቻው መሰኪያዎች መለሰን። ከቢጫው ኤስ ቪዲዮ እንደሚሻል፣ ምክንያቱም ብርሃኑና ቀለሙ ተለያይተው ስለሚጓዙ እንደሆነ፣ ከዚያ የሚሻለው ደግሞ ቀለሙን ራሱን በሁለት ገመድ የሚከፍለው ባለ ሦስቱ ኮምፖነንት እንደሆነ አስረዳ። ከአውሮፓ የመጣ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ባለ 21 እግሩን ስካርት ቢጠቀም ጥሩ እንደሆነም አስታወሰ። እስከዚህ ያለውን ማንም አልተቃወመውም። ኮምፖነንት ያለው ሁሉ ፕሮግረሲቭን ይክፈት ብሎ ሲጨርስ ግን አሥረኛውን ቀሰቀሰው።

መልስ 10

አሥረኛው በቁጥር መጣ። የድሮ ቴሌቪዥን ቱቦ ውስጥ ያለው ጨረር በሰከንድ የሚሥላቸው መስመሮች በፓል 15,625፣ በኤንቲኤስሲ 15,734 ናቸው። ፕሮግረሲቭ ሲከፈት ሁሉም መስመሮች በአንድ ጊዜ ስለሚላኩ ፍጥነቱ እጥፍ ሆኖ ወደ 31,500 ይጠጋል። ለዚህ ያልተሠራ ቱቦ ሊከተለው ስለማይችል ወይ ይጨልማል ወይ የተቆራረጠ መስመር ያሳያል፤ የኮምፖነንት ቀዳዳ መኖሩም ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም፣ 480አይ (480 መስመር በግማሽ ምስል፤ በፕሮግረሲቭ ሲላክ 480ፒ ይባላል) ብቻ የሚቀበሉ የኮምፖነንት መሰኪያዎች ነበሩና። በቢጫው ገመድ ደግሞ ፕሮግረሲቭ ጨርሶ አያልፍም፤ ብዙ ማጫወቻዎች ፕሮግረሲቭ ሲከፈት ቢጫውን የሚዘጉት ወይም የተበላሸ ምስል የሚልኩበት ለዚህ ነው። ጠያቂው ቁልፉን ሲጫን ለምን እንደጨለመበት እስከዚህ ድረስ በትክክል ያስረዳ አልነበረም። ዘጠነኛውን አላዋቂ ብሎ መጥራቱን ግን ምንም አያስፈልገውም ነበር፤ የጥገና ባለሙያውም በሚቀጥለው መልስ ላይ፣ ቁጥሩ ትክክል ነው ልጄ፣ ቃሉን ግን አርመው ብለው ቆጣ አሉ።

መልስ 12 እና 13

አንድ ተሳታፊ ውድ የሆነ በወርቅ የተለበጠ የኤችዲኤምአይ ገመድ ካልተገዛ ጥራት የለም አለ፤ ቀጥሎ የጻፈው ደግሞ በዲጂታል ገመድ ላይ ምስሉ ወይ ሙሉ ሆኖ ይደርሳል ወይ እየተቆራረጠ ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ በዋጋው ልክ እንደማይደምቅ አስረዳ። ለሁለት ሜትር ርቀት ተራው ገመድ በቂ ነው። በዚህ ላይ የተሰጡ ሌሎች ሦስት መልሶችን አልፋቸዋለሁ፤ የነጋዴ ወሬ ናቸው።

መልስ 17

ጠያቂው ተመልሶ መጣ። የተመከረውን ሰምቶ ማጫወቻውን ባለ 32 ኢንች ፍላት ካላቸው ጎረቤቶቹ ቤት ወስዶ በኤችዲኤምአይ ሲያገናኘው ምስሉ በሙሉ ቀለሙ መጣ፣ ወደ ፋብሪካው አቀማመጥም መለሰው። የቲቪ ታይፕ ምርጫው ግን የስክሪን ቅርጽ እንጂ ፓል የሚል የለውም፤ በወላጆቹ ቴሌቪዥን ላይም ሲስተም የሚል ሜኑ አላገኘም። እግረ መንገዱን ሌላ ግራ ያጋባው ነገር ነገራቸው፤ በዚያው ፍላት ላይ ቢጫውን ገመድ በአረንጓዴው ቀዳዳ ሲሰካው ምስሉ ያለ ቀለም መጣ።

መልስ 18

መልሱን የሰጠችው አንዲት የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ናት። በብዙ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ቢጫውና አረንጓዴው በአንድ ቀዳዳ ስለሚጋሩ፣ ከሜኑው ኤቪ ወይስ ኮምፖነንት እንደሆነ መምረጥ ያስፈልጋል። ኮምፖነንት ተመርጦ ቢጫ ከተሰካ ቴሌቪዥኑ የሚያነበው ብርሃኑን ብቻ ነው። ሁለት ቀይ መሰኪያዎች እንዳሉም አስጠነቀቀች፤ አንዱ የምስል፣ ሌላው የቀኝ ድምፅ ነው፣ ሲቀያየሩ ምስሉ ቀለሙን ይስታል፣ ድምፅ ማጉያውም ይጮኻል። አጭር፣ ንጹሕ መልስ ነበር።

መልስ 19

ከዚያ ስለ 1080ው ጽሑፍ የተነሣው ክርክር የክሩን ከባድ ክፍል ያዘ። አሥራ ዘጠነኛው፣ በዲስኩ ላይ የሌለ ጥራት ከየትም እንደማይመጣ በስሌት አሳየ። የኤንቲኤስሲ ዲቪዲ 720 በ480፣ ማለትም 345,600 ነጥብ አለው፤ 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን ግን 2,073,600 ነጥብ ይፈልጋል፣ ይህም ስድስት እጥፍ ነው። ስለዚህ ከየስድስቱ ነጥብ አምስቱ በግምት የተሞሉ ናቸው፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር የሚናገረው ማጫወቻው ይህን ግምት ራሱ መሥራት እንደሚችል ብቻ ነው። ማጫወቻው ባይሠራው ቴሌቪዥኑ ይሠራዋል፤ ከሁለቱ የተሻለ የሚገምተውን የሚለየው ሁለቱንም ሞክሮ ማየት ነው።

መልስ 20

ሃያኛው በዚህ ላይ የጨመረው ነጥብ፣ በእኔ ግምት ከክሩ ሁሉ የሚጠቅመው ነው። ብዙ የ32 ኢንች ቴሌቪዥኖች 1080ፒን ይቀበላሉ እንጂ በውስጣቸው ያለው መስታወት 1366 በ768 ነው። ማጫወቻው 480ውን ወደ 1080 ይዘረጋዋል፣ ቴሌቪዥኑ ደግሞ 1080ውን መልሶ ወደ 768 ያጠበዋል፤ በሁለቱም እርምጃ ጫፎቹ ይደበዝዛሉ። እንዲህ ባለ ቴሌቪዥን ላይ ማጫወቻውን 480ፒ ላይ ትቶ ዝርጋታውን አንድ ጊዜ ብቻ ቴሌቪዥኑ እንዲሠራው ማድረግ ብዙ ጊዜ የተሻለ ምስል ይሰጣል። በሜኑው ላይ ያለውን ትልቁን ቁጥር መምረጥ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ከዚህ በኋላ ሁለት ሰዎች ተነሥተው 1080ን ያለ ምክንያት አይጽፉትም ብለው ተሟገቱ፤ ስሌቱን ግን አንዳቸውም አልነኩትም።

መልስ 23

የጥገና ባለሙያው መፍትሔውን ይዘው ተመለሱ። ኤችዲኤምአይን ወደ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ የምትቀይር የእጅ መዳፍ የምታህል ሳጥን አለች፤ በ5 ቮልት የዩኤስቢ ኃይል ትሠራለች፣ ጎኗም ላይ ፓል ወይም ኤንቲኤስሲ የሚመረጥባት ትንሽ ማብሪያ አላት። ማብሪያዋ ፓል ላይ ከተደረገ የአሜሪካው ማጫወቻ ምስል ለአሮጌው ቴሌቪዥን በሚገባው ሥርዓት ይደርሰዋል። በማጫወቻው ውስጥ የስክሪን ቅርጹ ግን እንደ ሰፊ ስክሪን፣ 16:9፣ ሆኖ ከቀረ፣ ሙሽሮቹ ወደ ጎን ተጨምቀው ቀጥነው ይታያሉ፤ ስለዚህ 4:3 ሌተርቦክስ ይሁንና ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ይምጣ። ፓን ስካን የሚለው ጥቁሩን መስመር ቢያስወግድም የምስሉን ጎኖች ቆርጦ ስለሚጥል፣ በሠርግ ላይ ከዳር የቆመ ዘመድ ይቀራል ሲሉም ፈገግ አሰኙን።

መልስ 24

አንድ ተሳታፊ ማጫወቻውን በድሮው ቪዲዮ ዴክ አሳልፎ ከቴሌቪዥኑ ጋር ቢያገናኘው ሳጥን መግዛት እንደማያስፈልገው ጻፈ። ተማሪዋ ወዲያው መለሰችለት፤ ዴክ የቀለም ሥርዓት አይቀይርም፣ በዚያ ላይ በሱቅ በሚሸጡ ብዙ ፊልሞች ላይ ቅጂን ለመከልከል የተጨመረው ምልክት ዴኩን ስለሚያታልለው ምስሉ አንዴ ይደምቃል አንዴ ይጨልማል። ብዙ ሰው ቴሌቪዥኑ የተበላሸ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

መልስ 26

ጠያቂው ሳጥኗን ከመርካቶ ገዝቶ ወላጆቹ ሠርጉን በቀለም ማየታቸውን አስታወቀ፤ ሁሉንም በየተራ አመሰገነ፣ ሁለተኛውን ሳይቀር። ሆኖም ካሜራው በእንግዶቹ ላይ ሲዞር ምስሉ ትንሽ እንደሚንገጫገጭ፣ በማጫወቻው ላይ 720ፒና 1080ፒ ሞክሮ ምንም ለውጥ እንዳላየ ጽፎ፣ ቢያስተካክሉለት ጠየቀ።

መልስ 27

አሥረኛው፣ በዚህ ጊዜ በረጋ ቃል፣ ሊስተካከል እንደማይችል አስረዳው። ዲስኩ በሰከንድ 60 ይልካል፣ ሳጥኗ 50 ታወጣለች፤ በየሰከንዱ አሥሩ ስለሚጣሉ እንቅስቃሴው ይዘላል፣ የነጥቡን ብዛት መቀያየርም ይህን አይነካውም። ቴሌቪዥኑ የሚያገኘው በመጨረሻ 576 መስመር ብቻ ስለሆነ፣ ማጫወቻውን 480ፒ ላይ ይተወው፤ መንገጫገጩ እህቱ በምትልካቸው ዲስኮች ሁሉ ላይ ይኖራል፣ በ60 የሚሥል ቴሌቪዥን እስኪገዛ ድረስ።